ሞዛርት ያልተገኘበት የመዝጊያ ምሽት

ስለ ኦፔራ ሲወራ ሁሌም የምንሰማው ስለ ምርቃቱ ነው። ማን መጣ፣ ማን አጨበጨበ፣ ማን ፊቱን አጨፈገገ። ሥራው ከመድረክ የወረደበትን ቀን ግን የሚያነሳው ሰው ብዙም የለም። እኔን ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረ አንድ የመዝጊያ ቀን አለ። ዛሬ እሱን ከነዝርዝሩ ልጽፈው ነው።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 30 ቀን 1791። ወደ እኛ ስናመጣው መስከረም 21 ቀን 1784 ዓ.ም. ይሆናል፣ የግሸን ማርያም ዕለት። እኛ ጋ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ጎንደር ላይ ንጉሥ ይነግሣል፣ ንጉሥ ይሻራል። እዚያ ደግሞ የ35 ዓመቱ የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርት በአንድ ምሽት ሁለት አዲስ ኦፔራ በሁለት ከተማ እየታየለት ነው። ቪየና ውስጥ «የአስማት ዋሽንት» ይመረቃል። ፕራግ ውስጥ «የቲቶ ምሕረት» ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል፤ ከተመረቀ ገና 24 ቀኑ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፣ በዚያ ዘመን በፈረስ ሠረገላ ሦስት ቀን የሚፈጅ መንገድ። ስለዚህ ሰውየው አንዱ ጋ ብቻ ነው መገኘት የሚችለው። የተገኘው ምርቃቱ ላይ ነው። የመዝጊያውን ወሬ የሰማው ቆይቶ በደብዳቤ ነው።

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳያደናግራችሁ።)

የ60 ቀን ሥራ

ንጉሠ ነገሥት ሌዎፖልድ 2ኛ የቦሄሚያ ንጉሥ ሆኖ ፕራግ ላይ ዘውድ ሊጭን ነበር። የአገሩ መኳንንት ጉባኤ ለበዓሉ ኦፔራ እንዲዘጋጅ ወሰነ። ከከተማው የቴአትር ቡድን ኃላፊ ከዶሜኒኮ ጓርዳሶኒ ጋር ውል የተፈራረሙት ጁላይ 8 ቀን ነው። ምርቃቱ ደግሞ ሴፕቴምበር 6። ቁጠሩት፤ 60 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድርሰቱ ይሰናዳል፣ ሙዚቃው ይጻፋል፣ ታዋቂ ዘፋኞች ከጣሊያን ይመጣሉ፣ አልባሳቱ ይሰፋል፣ መድረኩ ይሠራል፣ ልምምዱ ያልቃል።

ጓርዳሶኒ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሞዛርት አልነበረም። ወደ ቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ኃላፊ ወደ ሳሊየሪ ነው የሄደው። ሳሊየሪ ራሱ በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ ሰውየው አምስት ጊዜ እንደተመላለሰበትና 200 ዱካት እያሳየ እንደለመነው ይናገራል። ሳሊየሪ በቪየና ቴአትር ቤት ሥራ ተወጥሮ ስለነበር አልቀበልም አለ። ሥራው ለሞዛርት የደረሰው እንዲህ ነው።

ሞዛርት በዚያ በጋ ምን ላይ ነበር? «የአስማት ዋሽንት»ን ከድርሰቱ ጸሐፊ ከሺካኔደር ጋር እየሠራ ነው። ማንነቱን ያልገለጸ ደንበኛ መልእክተኛ ልኮ የሙታን ጸሎተ ቅዳሴ ሙዚቃ አዞታል። ጁላይ 26 ሚስቱ ኮንስታንዘ ልጅ ወለደች። በዚህ ሁሉ ላይ ነው የንግሥ በዓል ኦፔራ የተጨመረበት። እምቢ ማለት ይችል ነበር ይሆናል፣ ግን ዕዳ ያለበት ሰው የንጉሥ በዓል ሥራ አይመልስም።

ጊዜ ስላልነበረ አዲስ ድርሰት መጻፍ አልተቻለም። ውሉ ራሱ ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ሌላ ነገር ካልደረሰ የገጣሚውን የሜታስታዚዮን የቆየ የቲቶ ድርሰት ተጠቀሙ ይላል። ያ ድርሰት የ1734 ነው፣ ያኔ 57 ዓመቱ። ማዞላ የሚባል ገጣሚ ቆራርጦ አሳጠረው። ነጠላ ዜማዎች ብቻ የተደረደሩበትን ነገር ሰዎች አብረው የሚዘምሩበት፣ የሚጋጩበትና የሚቆራረጡበት ሥራ አደረገው። ሞዛርት በራሱ የሥራ መዝገብ ላይ ማዞላ ድርሰቱን «እውነተኛ ኦፔራ» እንዳደረገው ጽፏል። ይህ ቃል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሰውየው በጥድፊያ መሃል ሆኖም የሌላውን ሰው ድርሻ መዝግቦ አስቀምጧል።

አንድ ሌላ ችግርም ነበር፣ ከሁሉም የከፋው እሱ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ዜማ የሚጽፈው ለአንድ ለሚያውቀው ጉሮሮ ነው። ልብስ ሰፊ የሰው ልክ ሳይወስድ እንደማይቆርጠው ማለት ነው። ሞዛርት ግን ከዋናዎቹ ዘፋኞች በደንብ የሚያውቀው የሮማውን ንጉሥ ቲቶን የሚጫወተውን ባሊዮኒን ብቻ ነበር፤ በ1787 «ዶን ጆቫኒ» ፕራግ ላይ ሲመረቅ ዘፍኖለታል። ሌሎቹን ጓርዳሶኒ ገና ጣሊያን ሄዶ እየፈለጋቸው ነው። ሞዛርት የተጠቀመባቸውን የወረቀት ዓይነቶች ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ መጀመሪያ የጻፈው የጋራ ዝማሬዎቹን ነው፣ የነጠላ ዜማዎቹን አብዛኛውን በኋላ ነው የሞላው።

ኦገስት 25 ገደማ ከቪየና ተነሣ። ሚስቱና ተማሪው ዙስማየር አብረውት ነበሩ። ፕራግ የገቡት ኦገስት 28 ነው። ሥራውን በ18 ቀን ጨረሰው የሚለው ወሬ የመጣው ከቀደምት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቹ አንዱ ከሆነው ከኒሜቼክ ነው። ንግግር መሰል የሆኑትን ቁርጥራጮች ዙስማየር ሳይጽፋቸው አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ሥራው አለቀ ብሎ በመዝገቡ ያሰፈረው ሴፕቴምበር 5 ነው። ምርቃቱ በማግስቱ።

ምርቃቱ ቀዘቀዘ

ሴፕቴምበር 6 ምሽት ቴአትር ቤቱን የሞላው የበዓል እንግዳ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በንግሥ ሥርዓቱ ቆሞ የዋለ፣ ከባድ ልብስ የለበሰ፣ የደከመ ሰው። የንጉሡን መምጣት ረጅም ሰዓት ጠበቁ። ካውንት ዚንዘንዶርፍ የሚባል መኳንንት በዕለት ማስታወሻው ያሰፈረው ከሁሉም የሚያሰለች ትርዒት አየን ብሎ ነው።

እዚህ ላይ የምትጠቀስ አንዲት ታዋቂ ወሬ አለች። ንግሥቲቱ ኦፔራውን «የጀርመን ቆሻሻ» ብላ ሰደበችው የምትል። ይህች ወሬ በጽሑፍ የተገኘችው በ1871 ነው፣ ነገሩ ካለፈ 80 ዓመት በኋላ። በዚያ ምሽት ከነበሩት ሰዎች አንድም አልጻፋትም። ስለዚህ እኔ አልቀበላትም፣ ሰዎችም ባይደጋግሟት ደስ ይለኛል። እውነት የሆነው ራሱ በቂ ነው፦ ጓርዳሶኒ በኋላ ላይ ለጉባኤው አቤቱታ አስገብቶ ቤተ መንግሥቱ ለሞዛርት ሥራ አስቀድሞ የያዘው ጥላቻ እንደነበርና ተመልካቹ በማነሱ እንደከሰረ ገልጾ ካሣ ጠይቋል።

ሞዛርት ይህንን ይዞ ነው ወደ ቪየና የተመለሰው። እሱ ሲሄድ ኦፔራው ገና ከመድረክ አልወረደም። ደራሲ ሥራውን በቀዘቀዘ ቤት ትቶ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቪየና፣ እስከ ዓርብ

ቪየና ሲደርስ ፋታ የለም። «የአስማት ዋሽንት» አብዛኛው በጁላይ ተጽፎ አልቋል፣ ግን ሁለት ነገር ይቀራል፦ የካህናቱ ሰልፍ ሙዚቃና መክፈቻው። ሁለቱንም በመዝገቡ ያሰፈረው ሴፕቴምበር 28 ነው። ረቡዕ ማለት ነው። ትርዒቱ ዓርብ ነው። መክፈቻው አለቀ ማለት ደግሞ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ ኖታ ገልባጮች ለቫዮሊኑም፣ ለዋሽንቱም፣ ለትሮምቦኑም ለየብቻ በእጅ መገልበጥ አለባቸው፣ ሙዚቀኞቹም ቢያንስ አንዴ ሊለማመዱት ይገባል። ሁለት ቀን!

ቴአትር ቤቱ ከከተማው ግንብ ውጭ ቪደን በሚባል ሰፈር፣ ፍራይሃውስ በተባለ ትልቅ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። የንጉሥ ቤት አይደለም። ቋንቋውም የሰፈሩ ሰው የሚናገረው ጀርመንኛ ነው እንጂ ጣሊያንኛ አይደለም። በመድረኩ ላይ እባብ አለ፣ የሚበር ማሽን ላይ የተቀመጡ ሦስት ልጆች አሉ፣ የእሳትና የውሃ ፈተና አለ። ይህ ሁሉ ከሙዚቃው ጋር እኩል መሄድ አለበት።

የዕለቱን ማስታወቂያ ስታዩት አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። የሺካኔደር ስም ከላይ ነው፣ ደራሲ ተብሎ። የሞዛርት ስም የተዋንያኑ ዝርዝር ካለቀ በኋላ ከታች ነው የመጣው፤ ለተከበረው ሕዝብ ካለው አክብሮትና ለድርሰቱ ጸሐፊ ካለው ወዳጅነት የተነሣ ዛሬ ኦርኬስትራውን ራሱ ይመራል ይላል። የድርሰቱ መጽሐፍ ሁለት ሥዕል ታትሞበት በ30 ክሮይዘር ይሸጣል። የሚጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ተዋንያኑ ከሞላ ጎደል ቤተሰብና ጓደኛ ናቸው። የሌሊቷ ንግሥት የሚስቱ ታላቅ እህት ዮዜፋ ሆፈር ናት። ፓፓጌኖ ሺካኔደር ራሱ። ታሚኖ ጓደኛው ሻክ፤ ዋሽንትም ይነፋል፣ ሙዚቃም ይጽፋል። ፓሚና የ17 ዓመቷ አና ጎትሊብ ናት። «የቲቶ ምሕረት»ን ለማያውቀው ጉሮሮ የጻፈው ሰው ይኸኛውን ለሚያውቃቸው ጎረቤቶቹ ጻፈ። ልዩነቱ በሙዚቃው ውስጥ የሚሰማ ይመስለኛል።

ሼንክ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ወንበሩ ኦርኬስትራው ውስጥ ነበር። ሸምግሎ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ መክፈቻው ሲያልቅ ደስታው ቢያቅተው ወደ ሞዛርት ተጠግቶ እጁን ይዞ እንደሳመው ያስታውሳል። ሞዛርት በቀኝ እጁ ምት እየመታ ፈገግ ብሎ አየውና ጉንጩን ዳበሰው። ይህ የሆነው፣ እንግዲህ፣ ፕራግ ላይ ሌላኛው ሥራው ሊወርድ በተዘጋጀበት ምሽት ነው።

ፕራግ፣ ያው ምሽት

ከፕራግ ወሬውን የላከለት አንቶን ሽታድለር ነው። የክላርኔት ተጫዋች፣ የሞዛርት ጓደኛ። ለበዓሉ ፕራግ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ሞዛርት በዚህ ኦፔራ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቦታ ሰጥቶታል። አንደኛው የቲቶ ጓደኛ ሴስቶ በቪቴሊያ ተገፋፍቶ ንጉሡን ሊገድል ሲሄድ የሚዘፍነው ነው፤ ክላርኔቱ ከዘፋኙ እየተቀበለ ይመልስለታል። ያ ክላርኔት የተለመደው አይደለም፣ ከተለመደው ዝቅ ብሎ ወደ ወፍራሙ ድምፅ የሚወርድ ለእሱ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ቪቴሊያ በመጨረሻ ኃጢአቷን ለመናዘዝ ስትወስን የምትዘፍነው ሮንዶ (ዋና ዜማው እየተመለሰ የሚመጣበት ሥራ) ነው፤ እዚያ ላይ ባሴት ሆርን የሚባለውን ወፍራም ዘመድ መሣሪያ ይነፋል።

ሞዛርት የሽታድለርን ደብዳቤ ይዘት የጻፈው ባደን ለነበረችው ሚስቱ ነው፣ ኦክቶበር 7 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ደብዳቤው ደርሶናል። ከሁሉም የሚገርመው፣ ይላል፣ አዲሱ ኦፔራዬ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ በተመረቀበት ምሽት፣ በዚያው ምሽት ቲቶ ፕራግ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ልዩ አድናቆት አገኘ። ክፍሎቹ ሁሉ ተጨበጨበላቸው። ሴስቶን የሚጫወተው ቤዲኒ ከወትሮው የበለጠ ዘፈነ። የሁለቱን ልጃገረዶች ትንሽ ዘፈን ሕዝቡ ይደገም አለ። ቪቴሊያን የምትጫወተው ማርኬቲ እንዳትደክም ባይታዘንላት ሮንዶውንም ያስደግሙ ነበር። ለሽታድለር ደግሞ ከሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ከኦርኬስትራው ሳይቀር ብራቮ ተባለለት። «የቦሄሚያ ተአምር!» ብሎ ሽታድለር ራሱ ጻፈለት። በእውነት ታግያለሁም ብሏል።

ከኦርኬስትራው! ሙዚቀኛ ለሙዚቀኛ በሥራ መሃል አይጮህም። በተለይ በመጨረሻው ምሽት፣ ዕቃ የሚሸከፍበት፣ ሁሉም ደክሞት ነገን የሚያስብበት ሰዓት ላይ።

ምን ተለወጠ?

ኖታው አልተለወጠም። ሞዛርት ፕራግ አልነበረም፣ አንድ መስመር እንኳ ሊነካው አይችልም። ታዲያ በ24 ቀን ውስጥ ምን ሆነ?

አንዱ ተመልካቹ ነው። የንግሥ እንግዶች ሄደዋል። የቀረው የፕራግ ሰው ነው። ይህ ሕዝብ በ1787 መጀመሪያ ላይ «ፊጋሮ»ን እንደ ሰፈር ዘፈን በየመንገዱ ያፏጨ፣ በዚያው ዓመት «ዶን ጆቫኒ»ን ያስመረቀ ሕዝብ ነው። ሞዛርትን የሚያውቀው በጆሮው ነው እንጂ በመጥሪያ ካርድ አይደለም።

ለእኔ ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፣ እሱም የመድረኩ ሰዎች ጉዳይ። ምርቃቱ ላይ እነዚህ ዘፋኞች ሙዚቃውን ያወቁት ጥቂት ቀን ነበር። የመጨረሻዎቹ ገጾች ቀለማቸው ገና አልደረቀም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዘፋኝ የሚዘፍነው እንዳይሳሳት ነው። ሳምንታት አልፈው ግን ዜማው ጉሮሮ ውስጥ ቦታውን ይይዛል፣ ዘፋኝ የት እንደሚተነፍስ ማሰብ ያቆማል፣ ቤዲኒ የሽታድለርን ትንፋሽ መጠበቅ ይማራል፣ ሽታድለርም የቤዲኒን። ቤዲኒ ካስትራቶ ነበር፤ ድምፁ እንዳይጎረምስ በልጅነቱ የተሰለበ ዘፋኝ። ለዚህ ዓይነት ድምፅ የሚጻፍ ኦፔራ ዘመኑ እያለፈ ነበር። እሱ ግን በመጨረሻው ምሽት ከሌላው ጊዜ ሁሉ በልጦ ዘፈነ።

ስለዚህ የመዝጊያ ምሽት የደራሲው አይደለም ብዬ አምናለሁ። የምርቃቱ ምሽት የእሱ ነው። እየሮጠ፣ ኖታ እያስገለበጠ፣ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ እየመራ፣ በምልክት እየጠራ። መዝጊያው ግን የዘፋኞቹና የነፊዎቹ ነው። ሞዛርት ቪየና ውስጥ ሆኖ ለሁለተኛው ሥራው ጠብ እርግፍ ሲል፣ የመጀመሪያው ሥራው ያለ እሱ ጎልምሶ አደረ። ይህ ለእኔ አሳዛኝ አይደለም፣ ከሁሉም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። አዲስ ሥራ በሦስትና በአራት ምሽት የሚወርድበትን አሠራር ስመለከት የሚቆጨኝም ለዚህ ነው። ሥራውን ገና መተንፈስ ሲጀምር እናወርደዋለን፣ ከዚያ የምርቃቱን ምሽት ይዘን እንፈርድበታለን።

ሞዛርትም የገባው ይመስላል። በዚያው ኦክቶበር 7 ደብዳቤ ላይ ስለ «የአስማት ዋሽንት» ሲጽፍ ከጭብጨባው ይልቅ የሚያስደስተው ዝም ያለው አድናቆት እንደሆነ ይናገራል፤ ኦፔራው በየቀኑ ከፍ ከፍ ሲል ይታያል ይላል። በምርቃቱ ስኬት የሰከረ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ቀን በቀን እየተከታተለው ነው። መምራቱን ከሁለተኛው ምሽት በኋላ ሄነበርግ ለተባለ ወጣት አስረክቦ፣ ራሱ በተመልካችነት ይሄድ ጀመር። ኦክቶበር 13 ሳሊየሪንና ዘፋኟን ካቫሊየሪን በሠረገላ ወስዶ አሳያቸው። ሳሊየሪ ከመክፈቻው እስከ መጨረሻው ዝማሬ «ብራቮ» ወይም «ቤሎ» ሳይል ያለፈው ቁራጭ እንዳልነበረ ሞዛርት በማግስቱ ለሚስቱ ጽፎላታል። ያንን የቲቶን ሥራ አምስት ጊዜ ተለምኖ እምቢ ያለው ሳሊየሪ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ

ኦክቶበር 7 ላይ ሌላም ነገር አድርጓል። ቢሊያርድ ተጫወተ፣ ፈረሱን በ14 ዱካት ሸጠ፣ ጥቁር ቡና አስመጣና ፒፓውን አጨሰ፣ ከዚያ የሽታድለርን ሮንዶ ከሞላ ጎደል ለኦርኬስትራ አሰናዳ። ያ ሮንዶ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የክላርኔት ኮንቼርቶ (ክላርኔት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) መጨረሻ ክፍል ነው። ከዚያ ዓርብ 66 ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 5 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሞተ። ከሞቱ በኋላ ንብረቱ ሲቆጠር ሽታድለር ያለ ፊርማ የተበደረው 500 ጉልደን ዕዳ ተመዝግቦ ተገኘ።

«የቲቶ ምሕረት»ም ወርዶ አልቀረም። ኮንስታንዘ ዲሴምበር 29 ቀን 1794 ቪየና ላይ አዘጋጀችው፤ ሴስቶን የዘፈነችው እህቷ አሎይዚያ ናት። በማርች 1795 እንደገና ሲቀርብ በሁለቱ ክፍሎች መሃል የሞዛርትን የፒያኖ ኮንቼርቶ የተጫወተው ቤትሆቨን ነው። በ1806 ደግሞ ለንደን ላይ ከሞዛርት ኦፔራዎች መጀመሪያ የታየው ይኸው ሆነ።

ያ ፕራግ ላይ ይደገም የተባለው የሁለቱ ልጃገረዶች ዘፈን ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሰርቪሊያና አኒዮ ይዘፍኑታል፤ አኒዮ ወጣት ወንድ ነው፣ የሚጫወተው ግን ሴት ዘፋኝ ናት፣ ሞዛርት «ሁለቱ ልጃገረዶች» ማለቱም ለዚህ ነው። ንጉሡ ሰርቪሊያን ሊያገባ መርጧታል፣ አኒዮም ይህንን ሊነግራት መጥቶ አፉ አልታዘዝ ይለዋል፤ ፍቅሬ ብሎ ጠርቷት ይቅርታ ይጠይቃታል፣ እሷም መጀመሪያም መጨረሻም የምወደው አንተን ነው ብላ ትመልስለታለች። ዜማው ቀላል ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያንኑ ይደግማል፣ ከዚያ አብረው ይሄዳሉ። ዛሬ ማታ ፈልጋችሁ ስሙት። አንዴ ሲያልቅ እጃችሁ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል።